ድራም ለመቅዳት የትኛው ክፍል? መጀመሪያ ኮርኒሱን እዩ

ድራም ቤቱ ውስጥ ሊቀዳ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሮጠው ማይክ ለመግዛት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ማይክ ገዛሁ፣ የድራሙን ቆዳ ቀየርኩ፣ ከዚያ ዕቃውን ሁሉ ከቤቱ ዳር ያለች ጠባብ መኝታ ክፍል ውስጥ ደረደርኩ። እዚያ ማንንም አልረብሽም ብዬ ነው። ግድግዳውን በብርድ ልብስና በቀጭን ስፖንጅ ሸፈንኩት።

ቀድቼ ሳዳምጠው ድራሙ ካርቶን ውስጥ ተዘግቶበት የሚደበደብ ይመስላል። ሲምባሉ (የናሱ ሳህን) ታፍኗል። ኪኩ (በእግር ፔዳል የሚመታው ትልቁ ድራም) ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ቡምምም እያለ አይለቅም። ሁለት ሳምንት በኢኩዌላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለይቶ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ስታገለው ከረምኩ።

በኋላ ሳሎኑ ሊቀባ ዕቃው ሁሉ ወጣና ባዶ ሆነ። ለወጉ ያህል ድራሙን እዚያ ገተርኩትና ስልኬን ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀዳሁ። የስልኩ ቅጂ ከሁለት ሳምንት ልፋቴ በለጠ። ድራሙ ያው፣ መቺው ያው፣ ማይኩ እንዲያውም የባሰ። የተለወጠው ክፍሉ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤት በቀየርኩ ቁጥርም ሆነ ሰው ቤት ሄጄ ስቀዳ የምከተለውን አካሄድ እነሆ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። የሚያስፈልጋችሁ ሜትር፣ ስልክ፣ አንድ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ ያለው ድራም)፣ አንድ ፍሎር ቶም (ወለል ላይ የሚቆመው ወፍራም ድምፅ ያለው ድራም) እና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

አንደኛ፦ ሁለቱን ጥያቄዎች አትደባልቁ

«ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ» አንድ ጥያቄ ነው። «ድምፁ ክፍሉ ውስጥ እንዲያምር» ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርግና ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ይለጥፋል፤ ባስ ሲልም የእንቁላል ካርቶን። ከዚያ ጎረቤት ያው ይጮሃል፣ ድራሙም ያው አያምርም።

ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከባድ በር፣ የተደፈነ ቀዳዳ። ቀጭን ስፖንጅ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። የኪኩን ጉርምርምታ ንክች አያደርገውም። የእንቁላል ካርቶንማ ጭራሽ ከባዶ ግድግዳ ብዙም አይለይም። እንዲያውም ስፖንጁ ጉዳት አለው። የሲምባሉን ብርሃን ጠጥቶ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) እንዳለ ስለሚተወው፣ የታፈነም የሚያጉረመርምም ክፍል ይፈጥራል። የእኔ መኝታ ክፍል በሽታ ይኸው ነበር።

ስለዚህ ክፍሉን መጀመሪያ በድምፁ ምረጡ። የጎረቤቱን ነገር በኋላ እንመጣበታለን።

ሁለተኛ፦ ቀና በሉ

ክፍል ሲመርጥ ሁሉም ሰው ስፋቱን ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው ኮርኒሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህንን እላለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ሲምባሎቻችሁ ከወለሉ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር አካባቢ ይቆማሉ እንበል። ኦቨርሄድ ማይክ ደግሞ ከሲምባሉ በላይ 80 ሴንቲ ሜትር ወይም 1 ሜትር ያህል ይሰቀላል። ድምሩ 2 ሜትር ከምናምን ነው። ኮርኒሱ 2.40 ሜትር ከሆነና ማይኩ 2.10 ላይ ከተሰቀለ፣ በማይኩና በኮርኒሱ መካከል የሚቀረው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

አሁን ስኔሩን ስትመቱ የሚሆነውን ተከተሉት። ድምፁ ወደ ላይ ይወጣና ማይኩ ጋ ይደርሳል። ማይኩን አልፎ ይሄዳል፣ ኮርኒሱን ይመታል፣ ተመልሶ እንደገና ማይኩ ጋ ይመጣል። ሁለተኛው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ መንገድ ሄዷል። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ነጥሮ የተመለሰው የሚዘገየው 1.75 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ጆሯችሁ እንደ ገደል ማሚቶ ለይቶ አይሰማውም። ማይኩ ላይ ግን ሁለቱ ይጋጫሉ። አንዳንዱን ድግግሞሽ (ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበትን ብዛት፣ በሄርዝ የሚለካውን) ተደማምረው ያጎሉታል፣ አንዳንዱን ተሰራርዘው ያጠፉታል። በዚህ ልኬት መጀመሪያ የሚጠፋው 286 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ቀጥሎ 858፣ ቀጥሎ 1430። የስኔሩ ሥጋ ያለው ደግሞ ከ200 እስከ 300 ሄርዝ ባለው ሰፈር ነው። አየር ላይ ወፍራም የነበረው ስኔር ቅጂው ላይ የከሳው ለዚህ ነው።

የስቱዲዮ ሰዎች ይህንን የፌዝ ችግር ይሉታል። ቃሉ የባዕድ ነው፤ ግን በአማርኛም ቢሆን ያስኬዳል። ድምፁ በእርግጥም ያፌዝባችኋል።

ኮርኒሱ 3 ሜትር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ያው 2.10 ላይ ያለ ማይክ ከላዩ 90 ሴንቲ ሜትር አየር ያገኛል። ነጥሮ የሚመለሰው 1.80 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል። በመንገዱ ስለሚዳከም ሲደርስ ጉልበቱ ያንሳል፣ ግጭቱም ይለዝባል። 3.50 ወይም 4 ሜትር ካላችሁማ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሌላውን አስቡበት እንጂ ክፍሉን አትልቀቁት።

ኮርኒሱ ያዘነበለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ወደ መጣበት በቀጥታ ስለማይመለስ ለድራም ይስማማል። ድራሙን ከፍ ባለው በኩል አድርጉት። ኮርኒሱ ከፍ ብሎ ግን ከስስ ፓነል የተሠራ ከሆነ በጡጫ ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጉት። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በኪኩም ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛ፦ ሜትር ዘርጉ

ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ። ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጻፉ።

ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች በመካከላቸው አንድ የሚወዱት ድግግሞሽ አላቸው። እሱን ሲያገኙ ይይዙታል፣ አይለቁትም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 343ን በርቀቱ እጥፍ ማካፈል። 3 ሜትር ከሆነ 343 ለ6፣ ማለትም 57 ሄርዝ። 4 ሜትር ከሆነ 43። 5 ሜትር ከሆነ 34። 2.40 ከፍታ ያለው ኮርኒስ ከወለሉ ጋር 71 ሄርዝ ላይ ይጫወታል። የዚያ ድግግሞሽ እጥፎችም፣ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያሉ፣ ይከተላሉ።

ይህ ብቻውን ችግር አይደለም። ማንኛውም ክፍል አለበት። ችግር የሚሆነው ቁጥሮቹ አንድ ቦታ ሲከመሩ ነው። 3 በ3 የሆነ ክፍል አስቡ። ርዝመቱም ስፋቱም 57 ሄርዝ ላይ ይጮሃሉ። ኪክ ድራም ደግሞ ዋና ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 80 ሄርዝ ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ኪኩ በተመታ ቁጥር ክፍሉ «እኔም አለሁ» ይላል። 3 በ6 የሆነውም አይታመንም። ሰፊ ይመስላል፤ ግን የ6 ሜትሩ ሁለተኛ እጥፍ እንደገና 57 ነው። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ክፍል፣ ወይም አንዱ ጎን የሌላው ልክ እጥፍ የሆነ ክፍል፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጥ።

የምትፈልጉት ሦስቱ ቁጥሮች የማይገጣጠሙበትን ነው። ለምሳሌ 2.80 በ3.60 በ4.30 ጥሩ ነው። ኤል ቅርጽ ያለው ሳሎን፣ አንዱ ጫፉ ወደ ኮሪደር የተከፈተ ክፍል፣ መስኮቱ ገባ ያለ ግድግዳ፣ እነዚህ ሁሉ ይረዳሉ።

ስፋትን በተመለከተ፣ አንድ መደበኛ ድራም ከነመቺው 2 በ2 ሜትር ያህል ቦታ ይወስዳል። ከዚያ ውጭ ቢያንስ በአንድ አቅጣጫ 2 ሜትር ትርፍ ቢኖር መልካም ነው። የክፍሉን ድምፅ ከራቅ ብሎ የሚይዘው ሩም ማይክ የሚቆመው እዚያ ነው።

አራተኛ፦ አጨብጭቡ፣ ከዚያ ማጨብጨቡን ተዉት

ክፍሉ መሃል ቁሙና አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ትርርርር» የሚል እንደ ወፍ ክንፍ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሁለት ራቁት ትይዩ ግድግዳዎች ድምፁን እንደ ቴኒስ ኳስ እየተቀባበሉት ነው። አይጨንቃችሁ። ይህ ከክፍል ችግሮች ሁሉ ቀላሉ ነው። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ካለ ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ብቻ ጥሩ ክፍል እንዳትጥሉ።

ጭብጨባ ግን ስለ ቤዝ ምንም አይነግራችሁም። በጭብጨባ ብቻ ክፍል የመረጠ ሰው ማር መስሎት ሬት ይገዛል። ስለዚህ ስኔሩንና ፍሎር ቶሙን ይዛችሁ ግቡ።

ስኔሩን አንዴ ምቱና ጸጥ በሉ። ጅራቱን አዳምጡ። ጅራቱ እንዴት እንደሚያልቅ ከርዝመቱ በላይ ብዙ ይናገራል። ከላይ እስከ ታች እኩል እየደበዘዘ ከሄደ ጥሩ ነው። ቀጭኑ ቶሎ አልቆ «ኡኡኡ» የሚል ከታች የሚቀር ነገር ካለ ግን ተጠንቀቁ። ያ የሚቀረው በእያንዳንዱ ምት ላይ ተደራርቦ ይቀዳል።

የጅራቱ ርዝመት ከምትጫወቱት ሙዚቃ ጋር ይመዘን። በደቂቃ 70 ምት በሆነ ዘገምተኛ ሙዚቃ በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል 0.86 ሰከንድ አለ። ክፍሉ ለመተንፈስ ጊዜ ያገኛል። በደቂቃ 180 ምት ሲሆን ግን አንድ ምት 0.33 ሰከንድ ብቻ ነው፤ አራት ቦታ የተከፈለ ምትማ 83 ሚሊ ሰከንድ። ረጅም ጅራት ያለው ክፍል እዚህ ሁሉንም ያቦካዋል። ለፈጣን ሙዚቃ ደረቅ ያለውን፣ ለዘገምተኛው ለቀቅ ያለውን ምረጡ።

በነገራችን ላይ ከክፍል ውጭም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም ውስጥ ብዙ ሰው የሚያደንቀው የድራም መቺው የጆን ቦንሃም ድምፅ የተቀዳው በስቱዲዮ አይደለም። እንግሊዝ አገር ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ቤት፣ ደረጃው በሚወጣበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ድራሙ ታች ነበር፤ የድምፅ ባለሙያው አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክ ከደረጃው ላይ ሆኖ ሰቀለ። ቤታችሁ ፎቅ ከሆነ የደረጃውን ጉድጓድ ሳትሞክሩ አትለፉ። ድራሙን እዚያ ባታደርጉ እንኳ የክፍሉን በር ከፍታችሁ አንድ ማይክ ደረጃው ላይ ማቆም ይቻላል።

አምስተኛ፦ ፍሎር ቶሙን ይዛችሁ ዙሩ

ጥሩ ክፍል ውስጥም መጥፎ ቦታ አለ። ይህንን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያስከፍለው ግን ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው።

ቶሙን በአንድ እጅ አንጠልጥሉ። ከጥግ ጀምሩ። አንዴ ምቱ። ከግማሽ ሜትር ፈቀቅ በሉ፣ እንደገና ምቱ። ጥጉ ላይ ቶሙ ያብጣል። ቤዝ ሁሉ የሚከመረው እዚያ ነው። ትክክለኛው መሃል ላይ ደግሞ ይከሳል፤ የመጀመሪያው የክፍሉ ሞገድ መሃል ላይ ይጠፋልና። በመካከል፣ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ግድግዳ የርዝመቱን ሲሶ ያህል ራቅ ስትሉ፣ ቶሙ ድንገት ክብና ሙሉ ሆኖ ይወጣል። 6 ሜትር በሆነ ክፍል ከግድግዳው 2 ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ሲሶው መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ጆሯችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ካለ ወደ ግራ ሂዱ።

መቺው የሚሰማው አድማጩ ከሚሰማው ይለያል። ስለዚህ አንድ ሰው ቢረዳችሁ እሱ ይምታ፣ እናንተ ማይክ የሚቆምበት ቦታ ሆናችሁ አዳምጡ። ቦታውን ስታገኙ ስኔሩ በዚያ ነጥብ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ድራሙን ደርድሩ። ፊቱን ወደ ክፍሉ ረጅሙ አቅጣጫ አዙሩት። አጠገቡ ያለ ግድግዳ ፊት ለፊት አታስቀምጡት፤ ኪኩ የወረወረው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል።

ወለሉ ጠንካራ ቢሆን ይመረጣል፤ እንጨት ከሆነ ደግ ነው። ከድራሙ ሥር ብቻ አንድ ምንጣፍ ይነጠፍ፣ ኪኩ እንዳይንሸራተት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ የለበሰ ክፍል እኔ አልወድም። ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይበላል። እርጥብ ምድር ቤትም ይቅርባችሁ፤ ማይክም ብረትም ይበላሻል።

ስድስተኛ፦ የሚንጫጫውን አድኑ

አንድ ጊዜ የአምፖል መሸፈኛ ላይ ያለች አንዲት የላላች ብሎን ሙሉ ቀን ሥራ አጠፋችብኝ። ፍሎር ቶሙ በተመታ ቁጥር «ዝዝዝ» ትላለች። ስንጫወት አልሰማናትም፤ የሲምባሉ ጫጫታ ሸፈናት። ድራሙ ብቻውን ሲከፈት ግን ከእያንዳንዱ ቶም ጀርባ ንብ የገባች ይመስላል። ቶሙ የበዛበት ሙዚቃ ነበር። በነጋታው እንደገና ቀዳነው።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ስልኩ ላይ የድምፅ ሞገድ የሚያወጣ መተግበሪያ እከፍትና በደህና ስፒከር አገናኘዋለሁ። ከ40 ሄርዝ ጀምሬ እስከ 250 ድረስ ቀስ እያልኩ እወጣለሁ። ድምፁን ጠንከር አደርገዋለሁ። የሆነ ቁጥር ላይ ስትደርሱ የመስኮቱ መስታወት ይዘምራል። ሌላ ቁጥር ላይ የቁምሳጥኑ እጀታ። ሌላው ላይ መደርደሪያ ውስጥ ተጠግተው የተቀመጡ ብርጭቆዎች። ቁጥሩ ላይ ቆማችሁ በእጃችሁ እየነካችሁ ፈልጉ። ስትይዙት ዝም የሚለው እሱ ነው። በቴፕ፣ በጨርቅ ቁራጭ ወይም ከክፍሉ በማውጣት ይፈታል። የስኔሩ ሽቦም ይንጫጫል፤ እሱ ግን የድራሙ ጠባይ ነው፣ ተዉት።

ክፍሉ ራሱ የሚንጫጫ ከሆነ፣ ማለትም ኮርኒሱ፣ የበሩ መቃን፣ የመስኮቱ ፍሬም ሁሉ አብሮ የሚጨፍር ከሆነ፣ ሌላ ክፍል ፈልጉ። ያንን በቴፕ አትጨርሱትም።

ጸጥታውንም አብራችሁ ፈትሹ። ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ቅዱና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ፍሪጅ፣ ቬንትሌተር፣ መንገድ፣ የውኃ ቧንቧ፣ ሁሉም ይወጣል። ድራም ጯሂ ስለሆነ ትንሹን ይሸፍነዋል፤ እንደ ድምፃዊ አትጨነቁ። ግን የሲምባል ጅራት ሲያልቅ ፍሪጁ ብቅ ይላል። ማጥፋት ነው፤ መልሶ ማብራትን አለመርሳት። ላፕቶፑን በተቻለ ከክፍሉ አውጡት። ይህ ማለት ኬብሉ የሚደርስበት ጎረቤት ክፍል መኖሩንም አሁኑኑ እዩ ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ ጎረቤትና ጆሮ

አሁን ወደ ጎረቤቱ እንመለስ። ድራምን ቤት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማፈን ከባድ ግንባታ ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ ሌላ ክፍል መሥራት ማለት ነው። ለአንድ ቀረጻ ማንም አያደርገውም። የሚያዋጣው ሰዓት መምረጥና አስቀድሞ መንገር ነው። «ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድራም እቀዳለሁ፤ 11 ሰዓት ላይ ይቆማል» ያለውን ሰው ጎረቤት ይታገሠዋል። መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ ድብደባ ነው የሚያሳብደው። ደግሞ 11 ሰዓት ላይ በእውነት አቁሙ።

ከእናንተ በታች ባለው ፎቅ ሰው የሚኖር ከሆነ የሚያስቸግረው የኪኩ ፔዳል ምት ነው፤ በአየር ሳይሆን በወለሉ ውስጥ ነው የሚሄደው። ለዚህ ብዙ ድራመሮች የሚሠሩት መድረክ አለ። ሁለት ወፍራም ጣውላ፣ በመካከላቸው የቴኒስ ኳሶች። ኳሶቹ እንዳይንከባለሉ ታችኛው ጣውላ ላይ ቀዳዳ ይበሳላቸዋል። የወለሉን ንዝረት በደንብ ይቀንሳል። በግድግዳ ለሚያልፈው ድምፅ ግን አይረዳም።

ከጎረቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳ ያለው ክፍልና የማይዋሰን ክፍል በድምፅ እኩል ከሆኑ፣ የማይዋሰነውን ውሰዱ። በሩ ሥር ያለውን ክፍተት በፎጣ ድፈኑ። ቀላል ነገር ነው፤ ልዩነቱ ግን ይሰማል።

ለራሳችሁ ጆሮም እዘኑ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት እንደ ወሰን ይወስዳል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጠበብ ባለ ክፍል ውስጥ ጠንካራ መቺ ያንን በቀላሉ ያልፈዋል። ክፍሉ ባነሰ ቁጥር ጆሮ ላይ ይብሳል። መሰኪያ ሳታደርጉ ከመቺው አጠገብ ማይክ አታስተካክሉ።

ስምንተኛ፦ ያላችሁ ትንሽ ክፍል ብቻ ከሆነስ?

ብዙዎቻችን እዚህ ነን። ሳሎኑ የቤተሰብ ነው፣ ደረጃ የለም፣ የቀረችው አንዲት መኝታ ክፍል ናት። ይቻላል። ግን ትንሽ ክፍልን ትልቅ ለማስመሰል አትሞክሩ። ትንሽ ክፍል ሲያስተጋባ የሚሰማው ትንሽነቱ ነው። ስለዚህ አድርቁት፤ ስታደርቁት ግን በወፍራሙ።

ከድራሙ በላይ ካለው ኮርኒስ ጀምሩ። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በጨርቅ የተሸፈነ የሮክዉል (ከድንጋይ የሚሠራ፣ እንደ ጥጥ ያለ ድምፅ መጣጭ) ፓነል ስቀሉ። ከኮርኒሱ ጋር አታጣብቁት፤ ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አየር ከጀርባው ይኑር። ያ ክፍተት ፓነሉ ወፍራሙንም ድምፅ እንዲይዝ ያግዘዋል። ሮክዉል ስትነኩ ጓንትና ጭምብል አድርጉ፤ ያሳክካል። የላይኛውን ካበጃችሁ በኋላ ጥጎቹን፣ ከዚያ ለመቺው ቅርብ የሆኑትን ግድግዳዎች። ፓነል ከሌለ ፍራሽ በቁሙ ጥግ ላይ ማስደገፍ፣ ልብስ የሞላ ቁምሳጥን በሩን ከፍቶ መተው ከቀጭን ስፖንጅ እጅግ ይሻላል። የእኔ ስሕተት ፍራሹን ትቼ ብርድ ልብስ መስቀሌ ነበር።

ኦቨርሄዶቹን አውርዱ። ከኮርኒሱ ይልቅ ለድራሙ እንዲቀርቡ አድርጉ፤ አንዱን በመቺው ትከሻ በኩል መሞከርም ይቻላል። ሁለቱም ከስኔሩ እኩል ርቀት ላይ ይሁኑ፤ በክር ለኩት። ሩም ማይክ አታቁሙ፤ ይልቅ በሩን ከፍታችሁ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ሞክሩ። የቀረውን ስፋት በሪቨርብ (በኮምፒውተር በሚጨመር ሰው ሠራሽ ማስተጋቢያ) ትጨምሩታላችሁ። ደረቅ ቅጂ ላይ ሪቨርብ መጨመር ቀላል ነው። የተቀዳ የክፍል ጩኸት ማውጣት ግን ከሊጥ ውስጥ ውኃ እንደ መልቀም ነው።

ዘጠነኛ፦ በጭፍን ፍረዱ

ሁለት ወይም ሦስት ዕጩ ክፍል ቀርቷችኋል እንበል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ቅዱ። ያው ምት፣ ያው ፍጥነት፣ አንድ ደቂቃ። አንድ ማይክ ብቻ፣ ከኪኩ ፊት 1.5 ሜትር ርቆ፣ ደረት ከፍታ ላይ። ስልክም ቢሆን ያገለግላል፤ ብቻ ከመቺው ጉልበት የተነሳ ድምፁ እንዳይሰባበር አራቁት። ብዙ ማይክ አትደርድሩ። የቅርብ ማይኮች የክፍሉን ጥፋት ይደብቃሉ፤ አንዱ ማይክ ያጋልጠዋል።

ቅጂዎቹን ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ይህ ወሳኝ ነው፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ከዚያ ሌላ ሰው ስማቸውን ቀይሮ 1፣ 2፣ 3 ይበላቸው። የዚያን ቀን አታዳምጡ፤ ጆሯችሁ ደክሟል። ጠዋት ስሙት። መጀመሪያ ኪኩ ላይ ብቻ አተኩሩ፤ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል ወይስ ይያያዛል? ከዚያ ስኔሩን፤ ሥጋ አለው ወይስ አጥንት ብቻ? መጨረሻ ሲምባሉን፤ ይዘረጋል ወይስ ይቧጥጣል?

እኔ በዚህ መንገድ ስፈርድ ሁለት ጊዜ ተገርሜአለሁ። አንዱ ላይ የመረጥኩት የናቅኩትን፣ ዕቃ የታጨቀበትን ግቢ ዳር ያለ ማከማቻ ነበር። ኮርኒሱ ግን 3.60 ነበር።

ክፍሉ ሲለይ የኪኩን እግሮች፣ የስኔሩን መቆሚያ፣ የወንበሩንና የማይክ ዘንጎቹን ቦታ ወለሉ ላይ በባለቀለም ቴፕ አመልክቱ። ከግድግዳ ያላቸውን ርቀት ለኩና ጻፉት፤ ከላይ ሆናችሁም ፎቶ አንሱት። ማታ ሶፋው ይመለሳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድራሙን ስትመልሱ ቴፑን ብቻ ተከተሉ።